እናቴን ላመጣ ወደ ድንጋይ ካባው

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቃሊቲ

የወጣሁት እናቴን ጠቅልዬ ላመጣ ነው። አልጋዋን መስኮቱ ሥር አንጥፌያለሁ፤ ለባሌም «እማዬ ዛሬ እራቷን እዚህ ነው የምትበላው» ብዬዋለሁ። እኔ ካልኩ አልኩ ነው! የኮዬ ፈጬው ወያላ ሃምሳ ብር ሲለኝ ስቄ በታሪፉ ከፈልኩት።

ሦስት ሰዓት፣ ከኮዬ ፈጬ ማዶ

ከኮንዶሚኒየሞቹ ወዲያ በባጃጅ አቧራ እየቃምኩ ሄድኩ። አባቴ ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ዛሬ የድንጋይ ካባ ነው። ድንጋዩ የተገኘ ጊዜ «አለፈልን!» ብዬ እልል ያልኩት እኔ ነበርኩ። ገልባጭ መኪናው በየቀኑ ይጭናል፣ ከተማው ይገነባል፤ የእማዬ ቤት ግን ያው ጭቃ ነው።

ታናናሽ ወንድሞቼ ግርማና ቶሎሳ ድሮ አንድ አንድ በሬያቸውን አቀናጅተው አብረው ያርሱ ነበር። አሁን በሬዎቹ ተሸጠዋል። አንዱ ከቤቱ ፊት፣ አንዱ ከጓሮ ይቆፍራል፤ በድንበር ተካሰው የሚያገኙትም ለጠበቃና ለደላላ ያልቃል። ባለፈው ወር ዶማ ተማዘው ጎረቤት ነው የገላገላቸው። በሁለቱ ጉድጓድ መሃል የቀረው የእማዬ ቤት ብቻ ነው።

«ተነሺ እማዬ፣ ቤቱ ሊደረመስብሽ ነው እኮ!» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «እኔ እዚህ ስላለሁ ነው አንዱ ወደ አንዱ የማያልፈው። የተነሳሁ ቀን ይገዳደላሉ።»

ልጠቀልለው የያዝኩትን ልብሷን መልሼ አስቀመጥኩ።

ስድስት ሰዓት፣ ምሳ

ለካ ለግርማ በፊት በር፣ ለቶሎሳ በጓሮ በር ነው ምሳ የምታቀብላቸው። ከአንድ ድስት! ደሜ ፈላ። የጓሮውን በር ቆለፍኩት።

«እታለም፣ ክፈቺ እንጂ!» አለ ቶሎሳ ከውጭ።

«ዞረህ ና! ዶማህን እዚያው አስቀምጥ!»

እማዬ ነጠላዋን ጨምድዳ ይዛ ቀረች። ቶሎሳ ብዙ ቆይቶ ዞሮ ገባ። በፊት በር ገብቶ የተቀመጠው ግርማ ቀና ብሎ አላየውም፤ ግን አግዳሚው ላይ ጠጋ አለለት። አብረው በሉ። እማዬ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

አስራ አንድ ሰዓት፣ ቤቴ

ድንጋዩ ሲገኝ እልል ከማለቴ በፊት «እንዴት ነው የምትካፈሉት?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ይኸው ዛሬ ገባኝ።

«እማማስ?» አለኝ ባሌ።

የጓሮውን በር ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የአልጋውን ፍራሽ አነሳሁ። «እኔ ነኝ እሷ ዘንድ የምሄደው። አልጋውን ፍታልኝ።»

«ቤቱ ቢደረመስስ?»

«እናታቸውና እህታቸው ከተኙበት ሥር ይቆፍሩ እንደሆነ እናያለን።»

ባሌ ካቻቢቴ ሊያመጣ ሄደ።