ኦርቪል ስታል የነፈጋት ምት

ኦርቪል ስታል ሰላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሜርተን ከተማ ቤዝቦል ቡድን መዝጋቢ ነበር። እኔ ደግሞ አብዛኛውን ዘመን ከጎኑ ተቀምጬ የተጫዋቾቹን ስም በድምፅ ማጉያ ስጠራ ኖሬአለሁ። ስለ እሱ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ያርመኝ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። መቺው ኳሷን መትቶ ይሮጣል፤ ተከላካዩ ኳሷን ሳይዛት ይቀራል። ይህ የመቺው ጥሩ ምት ነው ወይስ የተከላካዩ ስህተት? ፈራጁ ኦርቪል ነው። ምት ነው ካለ ለመቺው ይቆጠርለታል፤ ስህተት ነው ካለ መቺው እንዳልመታ ነው። ሐሳቡን ለመቀየር ሃያ አራት ሰዓት አለው፤ ከዚያ ወዲያ መዝገቡ አይነካም። በዚህ የተነሳ የከተማው ግማሽ ያኮርፈዋል። ፀጉር ቤት ሲገባ "ዓይነ ስውሩ መጣ፣ መንገድ ምሩት!" ይሉታል። እሱ ባርኔጣውን አውልቆ ተራውን ይጠብቃል። መልስ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እኔን የሚያበሽቀኝም ይኸው ነበር።

ቡድኑን ያቋቋሙት የጡብ ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው፤ ስሙም "ጡብ ሠሪዎቹ" ሆኖ ቀረ። ፋብሪካው ተዘጋ፤ የሜዳው የእንጨት መቀመጫዎች ተቃጠሉና በብረት ተተኩ፤ ቡድኑ ግን በየበጋው ይመጣ ነበር። ዋንጫ የበላነው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱንም ቢሆን ፍጻሜው በዝናብ ስለተሰረዘ ነው የሰጡን። ከእኛ ተነስተው ትልቁ ሊግ የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ተጫዋቾቹ ከቤታቸው የራቁ ለጋ ወጣቶች ስለሆኑ የከተማው ሰው ተከፋፍሎ በየቤቱ ያሳድራቸዋል። ኦርቪልና ሚስቱ ደሎሪስ ልጅ አልነበራቸውም። ደሎሪስ በየበጋው አንድ ተጫዋች ልውሰድ ስትል ኦርቪል "መዝጋቢ ቤት ተጫዋች ሲያድር ሰው ምን ይላል?" አላት። "ሰው የራሱን ቤት ይጠብቅ" አለችው። በዚያ ቤት የመጨረሻው ቃል የማን እንደነበር መቼም አይጠፋችሁም።

ከሁሉም አብልጠው የወደዱት ከኦክላሆማ የመጣውን ዴል ፕሩዊትን ነው። ቀጭን፣ ፍንጭት፣ ሳቁ ከሜዳው ማዶ የሚሰማ ልጅ ነበር። ደሎሪስ የምትጋግረውን የተፈጨ ሥጋ ሦስቴ እያስጨመረ ይበላል። ከዚያ ከኦርቪል ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይሸለቅቃሉ። ኦርቪል ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ ያየሁት በዚያ በጋ ብቻ ነው።

የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ተጫዋቾቹን የሚልክልን ዋናው ክለብ ማንን እንደሚያስቀርና ማንን እንደሚያሰናብት በማግስቱ ጠዋት ያስታውቃል። በእኛ ጨዋታ ከአሥር ሦስቱን የመታ ሰው ጎበዝ ነው፤ እንዲህ ያለውን ማሰናበት ይከብዳል። ዴል እዚያ ለመድረስ አንዲት ምት ጎድሎታል። በስምንተኛው ዙር ኳሷን መሬት ለመሬት ላካት። ተከላካዩ ተወርውሮ በጓንቱ ጫፍ ነካትና አመለጠችው። ዴል ኳሷ ሳትቀድመው መጀመሪያው መቆሚያ ደረሰ።

ተመልካቹ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ማይክራፎኑን ዘግቼ "ምት ናት፣ ኦርቪል" አልኩት።

"ቤቴ የሚያድር ልጅ ነው" አለኝ።

"ታዲያ ኳሷ የት እንደሚያድር ጠየቀችህ?"

"ሌላ ሰው ቢሆን ምን እል ነበር ብዬ እያሰብኩ ነው።"

"ሌላ ሰው ቢሆንማ ይሄኔ ምት ብለህ ጨርሰህ ነበር!"

እርሳሱን አነሳና ስህተት ብሎ ጻፈ። አዳላ እንዳልባል ብሎ በሚወደው ልጅ ላይ አዳላበት። ያን ቀን ፊት ለፊት ነገርኩት፤ ዛሬም ቃሌን አላጥፍም።

በማግስቱ ዴል ተሰናበተ። አውቶቡሱ ከሜዳው በር ላይ የሚነሳው እኩለ ቀን ላይ ነበር። ደሎሪስ ሳንድዊች ጠቅልላ ልትሸኘው ሄደች። ኦርቪል ራሴን አሞኛል ብሎ ቤት ቀረ። መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር፤ ሃያ አራት ሰዓቱም ገና አላለቀም ነበር። ሳይነካው አለቀ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ተጫዋች አላደረም። ደሎሪስ ከሞተች በኋላማ በረንዳው ላይ የቀረችው አንድ ወንበር ብቻ ናት። አምና ደግሞ የትልቁ ሊግ ሰዎች ትንንሽ ቡድኖችን ሲሰርዙ እኛንም ጨመሩን። የመቶ ዓመት ቡድን በአንድ ገጽ ደብዳቤ አለቀ። በጣም ነው ያዘንኩት፤ የተናደድኩት ግን ይበልጣል።

ሜዳው በተዘጋ ሳምንት ኦርቪል ዴል የተጫወተበትን ዓመት መዝገብ በብብቱ ይዞ ቤቴ መጣ። "የዴልን ስልክ ፈልግልኝ" አለኝ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቁጥሩን አፈላልጌ ደወልኩና ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩለት። ዴል አሁን ኦክላሆማ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መካኒክ ነው።

"ሚስተር ስታል! አሉ እንዴ?"

"አለሁ። ዴል፣ ያቺ ኳስ ምት ነበረች። ያኔም አውቀው ነበር።"

"የቷ ኳስ?"

ኦርቪል ቀኑን፣ ዙሩን፣ የተከላካዩን ስም ሳይቀር ነገረው። ዴል ሳቀ። ያው ሳቅ ነው፤ ትንሽ ጎርነን ብሏል።

"ኧረ ይተዉት! እኔ እኮ ጠመዝማዛ ኳስ መምታት ከነአካቴው አይሆንልኝም ነበር። መቶ ምት ቢጨምሩልኝም ያባርሩኝ ነበር።"

የኦርቪል ፊት ሲፈታ አየሁ። እፎይ፣ ተገላገለ አልኩ በሆዴ።

"እኔ የማልረሳው አውቶቡሱን ነው" አለ ዴል። "እማማ ደሎሪስ 'ኦርቪል መኪና እያቆመ ነው፣ አሁን ይመጣል' አለችኝ። ሹፌሩን ሁለቴ እንዲቆይልኝ ለመንኩት። ምን እንዳስቀየምኩዎት ግን እስካሁን አላውቅም።"

"ምንም አላስቀየምከኝም" አለ ኦርቪል። "ቤት ነበርኩ። ቁጭ ብዬ ነበር።"

ዴል ከዚያ ሥራ ላይ እየጠሩት እንደሆነ ነገረንና "በሉ ደህና ይሁኑ፣ ሚስተር ስታል" ብሎ ዘጋ።

ኦርቪል መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ እንደተወው ባርኔጣውን አድርጎ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

"ልጁ ሲጠብቀኝ እንደነበር ደሎሪስ አንድም ቀን አልነገረችኝም" አለኝ።