ዳዊት የተከለው «ነጭ ባሕር ዛፍ»

ወደ ሰሜን ሚሺጋን የሄድኩት ዛፍ ለማየት ነው። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት፣ ኮሎምበስ ከተማ አጠገብ ዌስተርቪል ባለው ቤታችን ደጃፍ በርች የሚባል ዛፍ ተክሎ ነበር። ግንዱ ነጭ ነው፣ ቅርፊቱ ይላጣል። ዳዊት «ነጭ ባሕር ዛፍ» ይለው ነበር። ባሕር ዛፍ የትም ይበቅላል ብሎ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሚያገኘው በአስፋልቱ ዳር አቆመው።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ዳዊትን ኮቪድ ወሰደብን። በቀጣዩ ሰመር ዛፉ ከጫፉ ይደርቅ ጀመር። እናቴ፣ «ሐዘን ላይ ሆኜ ውሃ ነፈግሁት። የልጄን ዛፍ እኔ ገደልኩት» አለች። ዛፉ በአገሩ እንዴት እንደሚኖር ሄጄ ልይ አልኩ።

ዓርብ፣ መንገድ ላይ

ጋሼ መላኩ ከዳዊት ጋር ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ የሠሩ ጎረቤታችን ናቸው። «ኦፍ ነኝ፣ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ» አሉ። እስከ ቶሌዶ ከተማ ድረስ ሜዳና የበቆሎ እርሻ ብቻ ነው። ምሳ ላይ፣ ጾም ስለሆነ፣ ጥብስ ድንች በስድስት ዶላር በላን። ሐይቅ ላይ የተዘረጋውን ረጅም ድልድይ ወደ ሰሜን ስንሻገር ብርዱ መኪናው ውስጥ ገባ። ጋሼ ሂተሩን ከፈቱ።

«ለዛፍ ብሎ ሰው እዚህ ድረስ ይመጣል?»

«እርስዎም መጥተዋል፣ ጋሼ።»

«እኔማ ሾፌር ነኝ!»

ቅዳሜ፣ ጫካው ውስጥ

ጠዋት አንዲት የጫካ ጠባቂ ይዛን ገባች። ነጫጭ ግንዶች እስከ ሐይቁ ድረስ ቆመዋል። ከእግራችን በታች አፈሩ እርጥብ ነው፤ በእጄ ስነካው ቀዘቀዘኝ። ጋሼ አንዱን ግንድ መታ መታ አድርገው፣ «ለቤት ማገር ይሆን ነበር» አሉ። ተረጎምኩላት፤ ሳቀች።

የዛፋችንን ፎቶ አሳየኋት። የቆመበትን ቦታ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ሥሩ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፤ ቀዝቃዛ አፈር ይፈልጋል» አለች። «ሙቀት ሲያደክመው ጥንዚዛ ግንዱን ትበሳዋለች፤ ከጫፉ ይደርቃል። እዚህም ሰመሩ እየሞቀ ስለሆነ ፀሐይ በሚበዛበት ተዳፋት ላይ እየደረቁብን ነው።»

«ውሃ ብናጠጣውስ?» አልኳት፣ የእናቴን ቃል እያሰብኩ።

«ውሃ ትንሽ ያግዘዋል። የኮሎምበስን ሰመር ግን ውሃ አያቀዘቅዘውም። እዚያ ቦታ ላይ አይከርምም ነበር።»

ጋሼ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። ከዳዊት ቀብር ወዲህ እንደዚያ በረጅሙ የተነፈስኩ አይመስለኝም።

እሑድ፣ ቤት

እናቴ በር ላይ ጠበቀችን። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት።

«ሙቀቱ ነው እንዴ?»

«ሙቀቱ ነው፣ እማዬ።»

«እኔ አይደለሁማ?»

«አንቺ አይደለሽም።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ግን ልቅሶዋ የቀደመው ዓይነት አልነበረም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ የደረቀ ነገር ሁሉ ችላ ስላሉት እንዳልደረቀ ነው። ይህን ልነግራት ስል እሷ ቀደመችኝ።

«በል ይቆረጥ። አዲስ ስትተክል ግን፣ መጀመሪያ አገሩ የት እንደሆነ ጠይቅ።»