የአርጂያ ሙግት ከቢጫዋ ወይዘሪት ጋር

እኛ ጣሊያን አገር ሞዴና አጠገብ ያለን ሰዎች በፖለቲካ ተጣልተን እንታረቃለን፤ በኳስም ተጣልተን እንታረቃለን። በአርጂያና በባሏ በኢቮ ጉዳይ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ የታረቀ የለም። ቡና ቤቴ ምስክር ነው፤ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ካርታ የሚጫወቱት የአርጂያ ወገኖች ናቸው፣ በምድጃው በኩል ያሉት የኢቮ። እኔ ሎሪስ ለማንም አልወገንኩም። ወገን የለየ ቡና ሻጭ የቡናውን ግማሽ ራሱ ይጠጣዋል።

ኢቮ በአንዲት ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ፋብሪካ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር። ፋብሪካው አራት መኪና ሠርቶ ሲዘጋ፣ ማንም ያልፈለገውን የአምስተኛዋን አካል በጋሪ ጎትቶ ቤቱ አመጣና ዓመታት ፈጅቶ ጨረሳት። ቢጫ ናት፤ ቁመቷ ከሰው ወገብ አይደርስም፤ ስትነሳ ግን የቄሱን መስኮት ታንቀጠቅጣለች። ስሟን «ወይዘሪት» አላት።

አርጂያ ደግሞ ቤቷ ውስጥ ሹራብ የምትሠራ፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሾለ ሴት ናት። «እሷን ቅዳሜ ቅዳሜ በለስላሳ ጨርቅ ያሻሻታል፤ እኔ ጀርባዬን እከክልኝ ስለው ክንዱን ያመዋል» ትል ነበር። ቅናቷን ሸሽጋ አታውቅም።

ታዲያ አንድ ጊዜ፣ በሞቃቱ የነሐሴ በዓል፣ ኢቮ ሚስቱን በወይዘሪት ሪሚኒ ባሕር ዳር ሊወስዳት ተነሣ። አርጂያ አዲስ የዋና ልብስ ገዛች፤ ዶሮ ጠበሰች። የፋኤንዛን ከተማ እንዳለፉ፣ በኮክ ዛፎች መሃል፣ መኪናዋ ጸጥ ብላ ቆመች።

«ሙቀቱ ነው» አላት ኢቮ። «ግማሽ ሰዓት እንታገሣት፣ ትነሣለች።»

«ውሸታም! አሸዋ እንዳይነካት ብለህ ሆን ብለህ ሞተሯን አጠፋህ!» አለችና የሚያልፍ አውቶብስ አስቁማ ቤቷ ገባች። ዶሮውንም ይዛ! እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የዶሮው ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ጨው ቢበዛም፣ ጣሪያ ቢያፈስም፣ ጠቡ የሚያልቀው «ሆን ብለህ ነው» ተብሎ ነበር። ኢቮ በእናቱ ይምላል፤ እሷ አትሰማም። ባለፈው የብርድ ወራት ሊሞት ሲል ቄሱ መጡ። «አባ፣ ኃጢአቴ ብዙ ነው፤ ሞተሩን ግን አላጠፋሁም» አላቸው። አርጂያ ከጥግ ሆና «አጥፍተሃል» አለችና ሄዳ ግንባሩን ሳመችው።

ከቀብሩ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣች። አንድ ጠዋት ቡና ቤቴ ገብታ፣ «ሎሪስ፣ ሰው ሊሞት ሲል ይዋሻል እንዴ?» አለችኝ።

«ኢቮ እንኳን ሊሞት ሲል ካርታ ሲጫወትም መዋሸት አይችልበትም ነበር።»

«ስለ ካርታ ማን ጠየቀህ!» ብላኝ ወጣች። ቡናዋን አልነካችውም።

ዘንድሮ ወይዘሪትን ልትሸጥ ቆረጠች። ብርቅ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ ወሬው በደረሰ በሳምንቱ፣ ፔድሮሊ የሚባል ሀብታም ከሉጋኖ ነጭ ጓንት አድርጎ መጣ። ከአምስቱ እህትማማች መኪኖች ሁለተኛዋ እሱ ዘንድ ናት። አርጂያ ለማደራደር ኔሪዮን ጠራች፤ ዕድሜውን በሞዴና የከብት ገበያ ያሳለፈ ደላላ ነው። ሻጭና ገዢን አጨባብጦ የተጨባበጠውን እጅ በመዳፉ መትቶ ካልቆረጠው ሽያጭ የለም፤ ከቆረጠው ደግሞ ማፈግፈግ የለም።

ኔሪዮ መኪናዋን እንደ ጊደር ጎኗን ቸብ ቸብ አደረጋት። ፔድሮሊ ተሳቀቀ።

«ሲኞር፣ ነውሯን ሳልናገር አላሻሽጥም። ጠጪ ናት። ኋላዋን አታሳይም። ጩኸቷ ጎረቤት ያጣላል። የሰው ባልም ነጥቃለች።»

«ሁሉንም እወድላታለሁ» አለ ፔድሮሊ፣ እጁን እየዘረጋ። ኔሪዮ የአርጂያን እጅ ሊይዝ ሲል እሷ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ያልተራመደች ላም ትሸጣለች እንዴ፣ ኔሪዮ?»

«አትሸጥም» አለ ኔሪዮ አፍሮ።

«እንግዲያው ትራመድ። እስከ ሪሚኒ።»

«ሲኞራ! ይህቺ እኮ የምትታይ እንጂ የምትነዳ አይደለችም!»

«ሃምሳ ዓመት አየኋት። ይበቃኛል።»

እኔና ኔሪዮ ከኋላ ገፍተን መኪናዋ ውስጥ አስገባናት፤ በሩ ለአርጂያ ዳሌ አልተሠራም። ፔድሮሊ እየጸለየ ነዳ። እኔ በጭነት መኪናዬ ኔሪዮን ይዤ ተከተልኩ፤ ከኋላዬ ቡና ቤቱ በሙሉ፣ የመስኮቱም የምድጃውም ወገን። ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጣል።

ፋኤንዛን እንዳለፍን፣ ኮኩ መሃል ስንደርስ ወይዘሪት ጸጥ አለች።

ፔድሮሊ ወርዶ ላቡን ጠረገ። «የፈራሁት ደረሰ።»

አርጂያም እንደ ምንም ወጣች። «ምን አልክ?»

«ሲኞራ፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም። የኔዋም እንዲሁ ናት። በነሐሴ ሙቀት ቤንዚኑ ቧንቧ ውስጥ ይፈላል።»

«ቁልፉን ነክተሃል?»

«በፍጹም!»

«በእናትህ ማል!»

«በእናቴ! ግማሽ ሰዓት እንታገሣት፣ ትነሣለች።»

አርጂያ ሣሩ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። የምድጃው ወገኖች ሊያጨበጭቡ ሲሉ በዓይኔ ገሠጽኳቸው። ዕድሜ ልኩን የመስኮቱ ወገን የነበረው ኔሪዮ ባርኔጣውን አወለቀ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ማደሩንስ ይደር፣ የሚጠራለት ሰው ከተቀበረ በኋላ መሆኑ ነው ክፋቱ። አንጀቴን በላችው።

ማንም ያልጠበቀው ነገር መጣ፤ አርጂያ ጠበቀች። ከቦርሳዋ የተጠበሰ ዶሮ አውጥታ ለሁላችን አከፋፈለች፤ ፔድሮሊ እንኳ ጓንቱን አውልቆ በላ። አንዱን ታፋ ግን በናፕኪን ጠቅልላ መልሳ ከተተች። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ፔድሮሊ ቁልፉን ቢያዞር ወይዘሪት ተነሣች፤ ኮኩ ከዛፉ ረገፈ ብል ማን ያምነኛል።

ሪሚኒ ስንደርስ አርጂያ ጫማዋን አውልቃ እስከ ጉልበቷ ባሕር ገባች። ተመልሳም አሸዋውን እንደያዘች መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠችና እግሯን ምንጣፉ ላይ ደህና አድርጋ አራገፈች። ፔድሮሊ ፊቱን አዞረ።

«በል ኔሪዮ፣ ቁረጠው» አለች እጇን በመስኮት አውጥታ።

ኔሪዮ አጨባብጦ ቆረጠው። ፔድሮሊ ትንሽ አዘነላት መሰለኝ፣ «አይቆጭዎትም፣ ሲኞራ?» አላት።

«በእሷ? እንኳን ተገላገልኳት።»

ከዚያ ናፕኪኑን ፈታች፤ ታፋውን ግን አልበላችውም። ባሕሩን እያየች ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሎሪስ» አለችኝ፣ «ግማሽ ሰዓት ብቻ እኮ ነበር የጠየቀኝ።»