ከጣሳው የዘገንኩት ባቄላ

ይህን ባሌ ሳይሰማው ሞተ፤ ሼኹም አልሰሙትም። መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።

ሐይቅ ከተማ፣ የደሴው መንገድ ከገበያው መንገድ በሚገናኝበት፣ ደጄ ላይ ቆሎ እሸጣለሁ። አደባባይ ሊሠራ ነው ተባለና ሰዓዳ የምትባል መሐንዲስ መጣች። ጨዋ ልጅ ናት። በሰዓት ስንት መኪና፣ ስንት ባጃጅ፣ ስንት ጋሪ እንደሚገባ ተቆጥሮ ነው የአደባባዩ ስፋት የሚወሰነው አለችኝ። «የውጭ አገር ስሌት የእኛን ጋሪ አያውቀውም፣ እማማ» ብላ ሳቀች። እሷ የገበያውን በኩል ስትቆጥር እኔ የደሴውን ያዝኩላት። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ላለፈው ሁሉ አንድ አንድ ባቄላ ጣሳ ውስጥ እጥላለሁ።

ጣሳው ሲሞላ ፈራሁ። አደባባዩ ከሰፋ ቤቴ ይፈርሳል አልኩ። ማን ነገረኝ? ማንም። ራሴ ፈራሁ፣ ራሴ ወሰንኩ። ሰዓዳ ዙሁር ልትሰግድ ስትገባ ከጣሳው ዘገንኩ። ዘገንኩና ቆሎው ውስጥ ደባለቅኩት። አንዴ ብቻ ቢሆን ምናለ? ሦስቴ ዘገንኩ።

ተመልሳ ጣሳውን አየችው።

«በገበያ ቀን እንዲህ ጭር ይላል እንዴ?»

«መኪናው የግሸን ተሳላሚ ሊያደርስ ሄዷል።»

«ጋሪውስ? ፈረሱም ሊሳለም ወጣ?»

ሳቅን። ከዚያ ወላሂ ብዬ ማልኩላት። በአላህ ስም! አመነችኝ። አሮጊት ወላሂ ካለች ማን ይጠራጠራል?

አደባባዩ ጠበብ ብሎ ተሠራ፤ ቤቴ ቆመ። በዓመቱ፣ በገበያ ቀን፣ የጎረቤቴን ልጅ ሉባባን ምጥ ያዛት። በባጃጅ ይዣት ወጣሁ። አደባባዩ ላይ ተቆለፍን። ፊታችን የጭነት መኪና፣ ጎናችን ጋሪ፣ ኋላችን ባጃጅ በባጃጅ። «ያ ረቢ! ምነው አንሄድም፣ እማማ?» እያለች እጄን ትጨምቃለች። ምን ልበላት? የዘገንኩት ባቄላ ሁሉ መኪና ሆኖ ከቦኝ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ልጁ ሞቶ ተወለደ።

የከተማው ሰው መሐንዲሷን ይረግማል፤ መቁጠር የማታውቅ ይላታል። እሰማለሁ፣ ቆሎዬን እሰፍራለሁ። ሉባባ ደግሞ «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው» እያለች ታጽናናኛለች። እኔን!

ቤቴ ቢፈርስ ምትክ ይሰጡኝ ነበር ይሆን? እንጃ። ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም ያው ነው። አሮጊት ናት፣ አልተማረችም አትበሉልኝ፤ መቁጠርማ እችል ነበር። ነገ ሉባባ ዘንድ እሄዳለሁ። አፉ በይኝ እላታለሁ። ባትለኝ እውነቷን ነው። ቀደር ነው ልትለኝ ከጀመረች ግን አስቆማታለሁ። የኔ እጅ ነው እላታለሁ።