ካዕባ በስልክ ሽቦ የወረደበት ጠዋት

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ሀያት አንዲት ነጭ ሣጥን ይዛ መጣች። የቤታችንን የስልክ ሽቦ ሣጥኗ ላይ ሰክታ፣ ጣቷን ሁለት ሦስቴ ስልኳ ላይ አንሸራትታ፣ «በቃ አክስቴ፣ ኢንተርኔት ገባልሽ» አለችኝ። የጣድኩት ውኃ እንኳ አልፈላም ነበር። እናቴ ፍራሹ ላይ ተደግፋ በሀያት ስልክ መንዙማ መመልከት ጀመረች። በዚህ መሃል የቤቱ ስልክ ጠራ። አነሣሁት፤ ወንድሜ ነው። አወራን፤ መንዙማውም ሳይቆም ቀጠለ። ለሀያት ይህ ምንም ማለት አይደለም። እኔ ግን እጀታውን ከመለስኩ በኋላ ከአጠገቡ መራቅ አቃተኝ።

በአንድ ሽቦ ኢንተርኔቱም ስልኩም! በእኔ ጊዜ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣ ነበር። ይህን የተማርኩበትን ጠዋት ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ፊቴን ይሞቀኛል።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ባሕር ዳር ከአክስቴ ቤት እየኖርኩ የኮምፒውተር ትምህርት ጨርሼ ወረታ ተመልሻለሁ። የተማርኩበት ማሠልጠኛ አንድ መምህር ሊቀጥር ፈትኖን፣ እኔና አንድ ልጅ ለመጨረሻው ቀረን። «ረቡዕ ተሰብስበን እንወስናለን። ለተመረጠው ሐሙስ ጠዋት እንደውላለን፤ በስልክ ካጣነው ግን ሌላውን እንጠራለን፤ ሰኞ ትምህርት ይጀመራል» ብለው አሰናበቱን። ኮምፒውተር ፊት የተደረደሩትን ተማሪዎች፣ ከኋላቸው እየዞርኩ «እዚህ ጋ ተጫኚ» የምለውን እኔን፣ ስንቴ በሐሳቤ እንዳየሁ! ያን ያህል አጥብቄ የፈለግሁት ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም የለኝም።

አባቴ ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበራቸው፤ ጨው፣ ሚስማር፣ ማጭድ፣ ላስቲክ ይሸጣሉ። ወንድሞቼ በየፊናቸው ስለሄዱ ሱቁን ከሳቸው ጋር የምይዘው እኔ ነበርኩ። ስለ ሥራው ስነግራቸው እጃቸውን ዘርግተው፣ «አላህ ያቅናልሽ፣ የኔ ልጅ» ብለው ዱዓ አደረጉልኝ፤ እናቴም «አሚን» አለች። በቤታችን የአባቴ «እምቢ» የመጨረሻው ቃል ነው። እምቢ አላሉም፤ እንግዲህ ፈቀዱ ብዬ ልቤን ጥዬ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ ዕለት ከሱቅ ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ፣ «ኮምፒውተር ገዝቼልሻለሁ። ጀማል ነገ ይዞት ይመጣል፤ ኢንተርኔቱንም ይቀጥልልሻል» አሉኝ። ጀማል የአክስቴ ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ይጠግናል። ያኔ በኛ ሰፈር ኮምፒውተር ያለው ቤት አልነበረም። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ጊዜው የነሐሴ መጨረሻ ነበር። አገራችን ፎገራ በዚያ ወቅት መሬት መሆኑን ይረሳል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ውኃው ይተኛል፣ ሩዙ ከላዩ ራሱን ብቻ ብቅ ያደርጋል፣ ከብቱም ደረቅ ቦታ ፍለጋ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ጀማል ረቡዕ ከሰዓት ሲደርስ ያን ወፍራም ሞኒተር በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞት ነበር። «ሐሙሲት ከተማን እንዳለፍን አንድ በሬ አላሳልፍ ብሎ፣ ከነኮምፒውተሩ ውኃ ውስጥ ልንገባ!» እያለ አሳቀን። ያንኑ ምሽት ሥራውን ሊጀምር ቢነሣ አባቴ፣ «ተው፣ ደክሞሃል፤ ነገ ጠዋት» አሉት። አዛኝነታቸው ደስ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ በሩዝ ዱቄት የጋገረችውን ዳቦ በሻይ በላን። አባቴ ሱቅ አልከፈቱም፤ ይህ በኛ ቤት ከዒድ በቀር ያልታየ ነገር ነው። ስልካችን ዳንቴል ለብሶ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ያለ አባቴ ፈቃድ ማንም አይነካውም። ጀማል ከግድግዳው የሚመጣውን ሽቦ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ለስልኩ አንዱን ለኮምፒውተሩ ሰካ።

«ጀሜ፣ እየሠራህ ሳለ ቢደወልልኝስ?» አልኩት።

ጀማል ጠረጴዛው ሥር አጎንብሶ ነበር። መልሱን የሰጡኝ አባቴ ናቸው። «ይጠራል እንጂ! ይኸው ተሰክቶ የለ? አንቺ ደግሞ!»

ጀማል ሽቦውን ማጥበቁን ቀጠለ።

ማሽኑ አሮጌ ነበርና አለፋን። መደወያውን ፕሮግራም ከዲስክ ጫነ፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገባ፣ ደወለ፤ አልሆነም። ቢቸግረው የኛ ከተማ የስልክ ማዕከል የድሮ መሆኑ ትዝ አለውና፣ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን እንደ ባለ ክብ መደወያው ስልክ አንድ በአንድ እየመታ እንዲደውል አደረገው። ያን ጊዜ ከሣጥኑ ውስጥ ጩኸት ወጣ፤ መጀመሪያ ፉጨት፣ ከዚያ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የፈሰሰ የሚመስል። እናቴ «ቢስሚላህ!» ብላ ዘለለች። ከዚያ ጸጥ አለ። ገባን።

«መካን ታሳየናለህ?» አሉ አባቴ።

ሥዕሉ ከላይ ጀምሮ በቀጭን በቀጭን መስመር ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ ሰማይ። ሰማዩ ብቻ ስንት ጊዜ ፈጀ! ቀጥሎ የመስጊዱ ሚናራ ጫፍ። የካዕባ ጥቁር ራስ ብቅ ሲል እናቴ በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች፣ አባቴም በነቢዩ ላይ ሶለዋት አወረዱ። አንዱ ሲያልቅ «ሌላ» ይላሉ፤ መዲናን፣ እንደገና ካዕባን፣ ደግሞ በሌሊት የተነሣውን። ካዕባ እየወረደ ሳለ ማን «በቃ ዝጉት» ይላል? ጥሪውን ረሳሁት አልልም፤ ጆሮዬ እዚያው ጥግ ነበር። ስልኩ ግን ጭጭ። በልቤ አልመረጡኝም ማለት ነው እያልኩ፣ በአፌ «ማሻአላህ» እላለሁ።

የቀትሩ ሶላት፣ የዙሁር አዛን ሲል ኢንተርኔቱ ተዘጋ። ከሰዓት ጭንቀቱ ቢበረታብኝ ራሴ ማሠልጠኛው ደወልኩ። ጸሐፊዋ ድምፄን ስትሰማ፣ «ምነው የት ጠፋሽ! የተመረጥሽው እኮ አንቺ ነበርሽ» አለችኝ። «ጠዋቱን ሙሉ ደወልን፤ መስመሩ ተይዟል። ልጁን ጠራነው፤ አሁን ፈርሞ ወጣ።»

ጀማልን ወደ ባሕር ዳር ሊሳፈር ሲል መናኸሪያ ደረስኩበት። «ኢንተርኔቱ ሲከፈት ስልኩ እንደሚያዝ አታውቅም ነበር?» አልኩት።

ጭቃውን በጫማው እየጫረ፣ «ሰዓድዬ፣ ማወቁንማ አውቃለሁ» አለ። «ለአጎቴም ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ‹እንግዲያው ሐሙስ ጠዋት አድርገው› ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ስትጠይቂኝ እሳቸው ቀድመው ከመለሱ፣ ምን ብዬ ቃል ልመልስባቸው?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ የሌላ ሰው ተረት ይመስለኝ ነበር።

ሱቁ ስደርስ አባቴ ሚስማር ይመዝኑ ነበር። «ሐሙስን የመረጡት እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው። አልካዱም። «ዓለሙን ቤትሽ ድረስ አመጣሁልሽ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ፍለጋ ትሄጃለሽ?» አሉኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ልላቸው አፌ ላይ ደረሰ።

«እምቢ ቢሉኝ እቀር ነበር እኮ አባባ! ለምን እምቢ አላሉኝም?»

ሚስማሩን ከሚዛኑ ላይ አወረዱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለናትሽ እንዳትነግሪያት። ይህን ከሰማች ዐይኔን አታየኝም» አሉ።

አልነገርኳትም። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ቤታችን ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ አባቴ፣ «ባሕር ዳር ሥራ አግኝታ ነበር፤ እኔን አስበልጣ ቀረች» ሲሉ እናቴ ትሰማለች፤ እኔ ሻይ እቀዳለሁ። ሲያረጁ አስታምሜያቸዋለሁ፤ ሲሞቱም ከልቤ አልቅሻለሁ። ሱቁን ዛሬም የምይዘው እኔ ነኝ። እወዳቸው ነበር። ግን ሊከለክሉኝ እንኳ አላከበሩኝም፤ ይህ ዛሬም አልወጣልኝም። እናቴን ግን ከዚህ ነገር አድኛታለሁ እል ነበር። የምጽናናበት እሱ ነበር።

እሑድ ዕለት ሀያት ከሄደች በኋላ እናቴ ስልኩ አጠገብ መቆሜን አየች።

«አሁን እንግዲህ ያም ይሠራል፣ ይኸም ይጠራል ማለት ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ያን ጊዜም እንዲህ ቢሆን ኖሮ አባትሽ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሌላ ዘዴ አያጡም ነበር። እኔማ የረቡዕ ማታ ‹ይቅርብዎ፣ ፊት ለፊት እምቢ ይበሏት› ብያቸው ነበር። እሺ አላሉኝም።» ይህን ብላ ብርጭቆዋን ወደኔ ገፋ አደረገች። «ሻዩ ስኳር አንሶታል።»

ስኳር ጨመርኩላት። ምን እላታለሁ? ሰማንያን አልፋለች። ስንት ዓመት ሙሉ ከአባቴ ውሸት ስጠብቃት ኖሬ፣ የምትጠበቅ ሰው አልነበረችም። «አሚን» ስትል ገና አታውቅ እንደሆነ እንጃ፤ ካዕባን አይታ ስታለቅስ ግን ታውቅ ነበር። ጀማልም ያውቅ ነበር፤ አባቴም። ያን ሐሙስ ጠዋት በዚያ ክፍል ውስጥ ስልኩ ይጠራል ብላ የምትጠብቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።