የሐሙስ አሚን እና የእኔ እንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ መናገር የተማርኩት አንዲትም የእንግሊዝኛ ቃል ከማያውቁ እናቶች ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ! እኔም እየሳቅኩ ነው የምጽፈው፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እንደ እብድ ያስቀኛል።

የእማ ቤት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። እማ የምላት አክስቴን ነው፤ እናቴ በሕፃንነቴ ስታልፍ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ እጅጌ እገጥም ነበር። እጅጌ ብቻ! ኮሌታውን ሌላ ሰው ነው የሚሰፋው፣ ቁልፉን ሌላ። ሙሉ ሸሚዝ በእጄ አልፎ አያውቅም። አብረውኝ የተቀጠሩት ልጆች አንድ በአንድ ሳውዲ ሲገቡ እኔም ፓስፖርት አወጣሁና ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከእማ የኢድ ሻሽ ስር ሸጎጥኩት። እማ አየችው። ኢድ ሲደርስ ያንን ሻሽ ሳትነካ አሮጌውን አሰረች።

ከዚያ ፋብሪካው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከውጭ የሚመጡ ገዢዎችን የሚቀበልና ፋብሪካውን እያዞረ የሚያስጎበኝ ሰው ይፈለጋል፤ እንግሊዝኛ አጥርቶ የሚናገር፤ የውስጥ ሠራተኛም መወዳደር ይችላል። ማታ እቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ «እማ፣ ይቺን ሥራ ካገኘሁ ሳውዲ ቀረ! ካላገኘሁ ግን እሄዳለሁ» አልኳት።

«አብሽሪ» አለችኝ። ከዚያ ድስቱን ለማማሰል ዞር አለች፤ ድስቱ ግን ገና አልተጣደም ነበር።

ችግሩ እንግሊዝኛዬ ነው። ሳነበው ይገባኛል፣ ሲናገሩም እሰማለሁ። እኔ አፌን ስከፍት ግን ቃሉ ሁሉ አንዴ ልውጣ እያለ ይገፋፋል፤ በቃ ሰኞ ገበያ በገበያ ቀን ማለት ነው፣ ማን ማንን እንደረገጠ አይታወቅም። በአንድ ትንፋሽ ጀምሬ በዚያው ትንፋሽ እጨርሳለሁ፤ ለሰሚው የሚተርፈው ጩኸቱ ብቻ ነው። ስልኬ ላይ የማየው አስተማሪ ደግሞ «ጮክ በሉ! ሰው ፊት ተናገሩ! አትፈሩ!» ይላል። ሰውዬው ምን አለበት! የሚሰማኝ ሰው ከየት ላምጣ? ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው ሰርቪስ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ሲጠማዘዝ በለሆሳስ እለማመዳለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ ዚክር ላይ ያለሁ መስሏት ወሬዋን ዝቅ ታደርግልኛለች። ሙቀቱ ጀምሮን ሹራባችንን ስናወልቅ «አላህ ይቀበልሽ» ትለኛለች። ምን ልበላት? «አሚን» እላለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ሥራ አልነበረኝም። ሐሙስ ደግሞ እማ ቤት ወዳጃ አለ፤ የሰፈሩ እናቶች ተሰብስበው ዱአ ያደርጋሉ። አንዷ ቀስ እያለች ትመርቃለች። «አገሩን ሰላም ያድርግልን» ትልና ታቆማለች፤ ሌሎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን» ይላሉ። «የታመመውን ያሽርልን።» «አሚን።» በመሀል ወሬውም ሳቁም አለ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ዱአው ይመለሳሉ። የአጥር ጎረቤታችን ክርስቲያን ናቸው፤ እሳቸውም ቀርተው አያውቁም። ሁሉም «አሚን» ብሎ ሲጨርስ እሳቸው ትንሽ ዘግየት ብለው «አሜን» ይላሉ።

አንድ ሐሙስ ታዲያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሰው ማለት እነዚህ አይደሉ እንዴ ብዬ ብድግ አልኩ።

«እናቶቼ፣ እንግሊዝኛ ልለማመድባችሁ ነው!»

«ተለማመጂ፣ ማን ከለከለሽ!» አሉኝ።

መሀል ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ዌልካም ቱ አወር ፋክተሪ» አልኩ። ከመካከላቸው በዕድሜ ታላቋ፣ ጆሯቸው የሚከብዳቸው፣ መዳፋቸውን ዘረጉና «አሚን!» አሉ። ቤቱም ተከተላቸው፣ «አሚን!» ዘግየት ብሎም፣ «አሜን።»

«ኧረ ዱአ አይደለም!» ብዬ በሳቅ ፍርስ አልኩ።

«ምንድን ነው ታዲያ ያልሽው?» አሉኝ ታላቋ እናት።

«እንኳን ወደ ፋብሪካችን በደህና መጣችሁ ማለት ነው።»

«በደህና መምጣት ክፉ ነገር ነው? አሚን አይባልበትም?» ብለው ተቆጡኝ። «ደግሞ ምን ያንሾካሹክሻል? በጥርስሽ ነክሰሽ አትያዢው! አፍሽን ከፈት አድርጊና እያንዳንዱን ለየት ለየት አድርገሽ አሰሚን። ባልተሰማ ነገር ላይ እንዴት አሚን ይባላል?»

በዚሁ ተጀመረ። ጨርቁ የሚቆረጠው እዚህ ነው እላለሁ፤ አሚን። ስፌቱ በዚህ በኩል ነው፤ አሚን። እባካችሁ ማሽኑን በእጅ አትንኩ እላለሁ፤ አሚን፤ ይህንንማ ስተረጉምላቸው «ያረቢ ከማሽን ጠብቀን!» ብለው ሌላ ዱአ ጨመሩበት። ቃል ከዋጥኩ ታላቋ እናት እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ይወስዳሉ። ያ ማለት ድገሚው ማለት ነው፤ እስኪጠራላቸው እደግማለሁ። አሚን እስኪባል መቆም ስላለብኝ ደግሞ ትንፋሽ አገኘሁ። ያ ሁሉ ግፊያ ቀረ። ድምፄን ስልኬ ላይ ቀድቼ ሳዳምጠው «ይቺ ደግሞ ማናት?» አልኩ፤ ወላሂ አላወቅኳትም! ከደስታዬ ብዛት አልጋዬ ላይ ዘለልኩ፤ አንዱ እግሩ ተሰብሮ እስካሁን በጡብ ነው የቆመው።

አንድ ቀን ብቻ ነገሩ ተበላሸ። «ይህን ሥራ ለምን ፈለግሽው?» ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰውን እየተለማመድኩ ነበር። እውነቱን ተናገርኩ፤ ካላገኘሁት ሳውዲ አረቢያ እሄዳለሁ አልኩ፣ በእንግሊዝኛ። ሳውዲ የምትለዋን ሁሉም ያውቋታል። ለእነሱ ሳውዲ ማለት መካ ነው፣ ሐጅ ነው። ቤቱ በአሚን ቀለጠ። የታላቋ እናት ዓይን እንባ ሞላ። እማን አየኋት። ዘርግታው የነበረውን መዳፏን አጠፈችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሁሉ ሐሙስ አሚን ሳትል የቀረችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቀጥሎ የምለውን ረሳሁት።

የኢንተርቪው ቀን ጠዋት እማ ደጅ ድረስ ወጥታ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ። «አትመርቂኝም?» ብላት «ተመርቀሽ ጨርሰሻል፣ ሂጂ!» ብላ ገፋ አደረገችኝ።

ከጠረጴዛው ማዶ ፈረንጁ ሥራ አስኪያጅ፣ የቅጥር ክፍሏ ሴትዮ እና የስፌት ክፍል አለቃችን ተቀምጠዋል። አለቃችን የወሎ ሰው ነው፣ ከወዳጃው አገር ከቢስቲማ፤ ሲስቅ አይቼዋለሁ የሚል የለም። እሱ ሲያልፍ እጅጌው በራሱ ጊዜ ቀጥ ብሎ የሚሰፋ ነው የሚመስለን። ከእኔ በፊት የገቡት ዲግሪ ያላቸው ልጆች «ቀላል ነው» እየተባባሉ ወጥተዋል። ለእነሱ ቀላል ነዋ!

«እንግዶች ነን እንበል፤ ተቀበይን» ተባልኩ። «ዌልካም ቱ አወር ፋክተሪ» አልኩ፤ ጥርት ብሎ ወጣ። አቆምኩ። ጠበቅኩ። እነሱም እኔን ይጠብቃሉ። ምንም የለም! ለካ አሚን እየጠበቅኩ ነው። ዝቅ ብዬ ባይ መዳፌ ተዘርግቷል። ያረቢ! የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ብፈልገው የለም፤ አሚን ካልተባለ እንዴት ይምጣ? ፈረንጁ ሰዓቱን አየ። አለቀልኝ፣ ሳውዲ ሄድኩ አልኩ በሆዴ፤ ሻንጣዬን ስጎትት፣ እማ በሩን ተደግፋ ስትቀር ታየኝ። እንደምንም ታግዬ፣ ቤታችሁ ነው፣ ደስ ይበላችሁ የምትለዋን አወጣኋትና አሁንም ቀጥ አልኩ።

«አሚን» አለ አንድ ሰው።

አለቃችን ነው! ያ ኮስታራ ሰውዬ! መዳፉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ምን እንዳደረገ ሲገባው እጁን ወደ ኪሱ ከተተው። የቅጥር ክፍሏ ሴትዮ ሳቋን ልትይዝ ሞክራ በአፍንጫዋ አመለጣት። እኔም ለቀቅኩት። አለቃችንም ሳቀ! ሱብሃነላህ፣ ጥርስ አለው ለካ!

ፈረንጁ ግራ ገብቶት «ለእኔም ንገሩኛ!» አለ። ነገርኩት። ሳልለማመድ፣ ሳላስብ፣ ስለ ሐሙስ፣ ስለ ታላቋ እናት ጆሮ፣ ስለ ጎረቤታችን የዘገየ አሜን፣ ሰርቪስ ላይ ያለ ሥራዬ ስለተቀበልኩት ምርቃት፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ዘረገፍኩት። አሚን የለ፣ መቆም የለ! ቃሉ ግን አልተጋፋም፤ ታላቋ እናት ማዶ እንደተቀመጡ ሁሉ እያንዳንዱ ለየት ለየት እያለ ወጣ። ፈረንጁ ዓይኑን በመሀረብ ጠረገና «አንቺስ ምን ብለሽ ነው የምትለምኚው?» አለኝ።

ሳቄ ቆመ። «አክስቴን ጥዬ ሳውዲ እንዳልሄድ» አልኩት።

ፈረንጁ ቀስ ብሎ መዳፉን ዘረጋና «ኤይመን» አለ።

«አይደለም» አለ አለቃችን፣ ፊቱ ወደ ቦታው ተመልሶ። «አሚን ነው። አፍዎን ከፈት ያድርጉ፣ ከዚያ ሚን ሲሉ ሳብ ያድርጉት። እስኪ ይድገሙት።» ፈረንጁ ደገመው። አልሆነም። አሁንም ደገመው። እኔ አነጋገር ልፈተን ገብቼ ፈረንጁ ሲፈተን አየሁ!

በሚቀጥለው ሐሙስ ረፋድ ላይ አለቃችን ማሽኔ አጠገብ መጥቶ ቆመ። እንደ ልማዱ ኮስተር ብሎ «ያንን እጅጌ አስቀምጪው» አለኝ። «ከሰኞ ጀምሮ የምታሳዪው ሙሉ ሸሚዝ ነው።» ልቅፈው ምንም አልቀረኝም፤ ፈራሁና አጠገቤ ያለችውን ልጅ አቀፍኩ። ወደ ደሴ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዳገቱን ሲያዘግም ወርጄ ልግፋው አሰኝቶኝ ነበር።

እቤት ስደርስ ወዳጃው ደርቷል። ጫማዬን ወዲያ አሽቀንጥሬ መሀል ቆምኩ።

«እናቶቼ፣ ስሙኝ!»

ቀስ ብዬ፣ አጥርቼ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሥራውን አገኘሁ፣ ሳውዲ አረቢያ አልሄድም አልኩ። «አሚን! አሚን ያረቢ!» ሳውዲን ሲሰሙ አሁንም ሐጅ ላኩኝ። «አሜን» አሉ ጎረቤታችን። እማ ግን እጇ ጉልበቷ ላይ ነው። ሳውዲ የምትለዋን እሷም ሰምታለች።

ሄጄ ፊቷ ተንበረከክሁ። «እማ፣ አልሄድም ነው ያልኩት። ሥራውን ሰጡኝ! ኮምቦልቻ እውላለሁ፣ ማታ ማታ እቤቴ ነኝ።»

«በእንግሊዝኛው ድገሚው» አለች።

«በአማርኛ ነገርኩሽ እኮ!»

«ድገሚው አልኩሽ። አሚኑ ቀርቶብኛል።»

ደገምኩት። እንባዬ መጥቶ ቃሉ ሁሉ እንደ ድሮው ተጋፋ፣ ግማሹን ዋጥኩት፤ ታላቋ እናት እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ወሰዱ። እማ ግን እስኪጠራ አልጠበቀችም። መዳፏን ዘርግታ «አሚን» አለች።