የእማዬ ጎማ

ከአሮጌ ጎማ የሚወጣ ንፋስ የራሱ ሽታ አለው፤ የላስቲክ፣ የአቧራና የከረመ ዝናብ። ባለፈው ሳምንት ኮልፌ ላይ የተሳፈርኩበት ታክሲ ጎማው ተበላሽቶ ጎሚስታ ቤት ቆምን። ጎሚስታው የቀረውን ንፋስ ሲለቀው ያ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ሰዉ እያጉረመረመ ሲወርድ እኔ ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ። ረዳቱ ምን ሆንሽ ሲለኝ ደክሞኝ ነው አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ ድካሙ ግን የዚያ ቀን አልነበረም።

አባቴ ሳይድካር፣ ከጎኑ የተገጠመ ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ፣ ያለው አሮጌ ሞተር ነበረው፤ በዕድሜ እሱን ራሱን ሳይበልጠው አይቀርም። ሦስት ጎማ ነው፣ ሦስቱም የየራሳቸው ንፋስ አላቸው። የፊተኛው ለስለስ፣ የኋለኛው ጠንከር ይላል። የሳይድካሩ ግን እንደሚቀመጥበት ሰው ነው። አባቴ “ማነው የሚቀመጠው?” ብሎ ሳይጠይቅ መንፊያውን አያነሳም። በንፋስ መለኪያው ለእኔ ሃያ፣ ለእናቴ ሃያ ስድስት፣ ለአክስቴ ሠላሳ። አክስቴ ሠላሳ መባሏን የሰማች ቀን በእግሬ እሄዳለሁ ብላ አኩርፋ ወጥታለች። ከሁሉም በላይ የምትቀመጥበት እናቴ ስለነበረች ቤታችን ውስጥ ያ ሦስተኛው ጎማ “የእማዬ ጎማ” ነበር ስሙ።

እናቴ የታመመች ጊዜ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አባቴ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ከቀራንዮ ዘነበወርቅ፣ ሆስፒታል ያደርሳታል። መንገዱ ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ ጉድጓድ ነበር። ጎማው ለተቀመጠበት ሰው ከጠነከረ ሳይድካሩ ይዘላል፤ ዝላዩን የሚችለው ደግሞ የእሷ ወገብ ነው። የአባቴ ዓይን የመለኪያውን ደቃቅ ቁጥር ስለማያነብ የማነበው እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ ሃያ ስድስት ነበር። ከዚያ አንድ ማክሰኞ “እስቲ ትንሽ ቀንሺለት” አለኝ። ሃያ አራት ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ሃያ ሁለት። ሚዛን ላይ አውጥቷት አያውቅም፤ ከሆስፒታል ሲመለሱ ከሳይድካሩ አቅፎ ሲያወጣት መቅለሏን እጁ ይነግረዋል። እሷ ጋቢዋን ተከናንባ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ሁልጊዜ ትጠይቃለች።

“ዛሬስ ስንት አደረጋችሁት?”

“ሃያ ስድስት። እንደ ድሮሽ።”

አባቴ ይህን ብሎ ወደ እኔ ያያል፤ እኔም በአዎንታ ራሴን እነቀንቃለሁ። እሷም “አጥንቴ ከባድ ነው፣ የአባቴን ነው” ብላ ትስቃለች። ያን ሳቅ እወደው ነበር፤ እፈራውም ነበር።

አንድ ማክሰኞ መለኪያው አሥራ ስምንት አለ። ሌሊቱን ሲያማት አድሮ እኔም እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አባቴ ሄልሜቱን ሊያመጣ ገባ። እናቴ እንደ ልማዷ ስንት ነው አለችኝ። ውሸቱም ሰልችቶኝ ነበር መሰለኝ፣ “አሥራ ስምንት” አልኳት።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ መልሼ ብውጠው ተመኘሁ። እሷ ግን አልደነገጠችም።

“አውቃለሁ” አለችኝ። “ድሮ የመንገዱን ድንጋይ ወገቤ አንድ ባንድ ይቆጥረው ነበር። ወፍራም በነበርኩበት ዘመን እንኳን ያልለሰለሰልኝ ጎማ፣ አሁን ጥጥ ሆኖልኛል። አባትሽ ምን እንደሚያደርግ ይጠፋኛል?”

መለኪያውን ከጎማው ነቀልኩ።

“ማወቄን እንዳትነግሪው። ያላወቅኩ እየመሰለው ነው የበረታው።”

አባቴ ወጣ። እሷ ምንም እንዳልተነጋገርን ሁሉ “ስንት አደረጋችሁት?” ብላ ጠየቀችው። “ሃያ ስድስት” አላት። “እንደ ድሮዬ” አለች። እኔ የጎማውን ክዳን የማጠብቅ መስዬ አቀረቀርኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይፈጀኛል። በአሥራ ሰባት ዓመት የጀመረ ድካም እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። መጨረሻ ያነበብኩት ቁጥር አሥራ ስድስት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከዚያ ታክሲ እንደወረድኩ ቀጥታ አባቴ ቤት ሄድኩ። ሞተሩ ግቢው ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ከተነሳ ስንት ዓመቱ። የአባቴ ዓይን አሁን ሰው የሚለየው በድምፅ ነው። የጎማው ሽታ ትዝ ብሎኝ መጣሁ ስለው ተነስቶ በዳበሳ ሸራውን ገለጠ።

“እስቲ የእማዬን ጎማ እይልኝ። ስንት አለው?”

መለኪያውን ከተሰቀለበት ሚስማር አውርጄ ገጠምኩት። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። ጎማው መሬት ላይ ተኝቷል።

“ሃያ ስድስት” አልኩት።

ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ። ጎማውን ዳበሰው፣ በአውራ ጣቱም ጫን አደረገው። ጣቱ ብረቱ ድረስ ሰመጠ። ለረጅም ጊዜ እዚያው ተወው።

“ልክ ነው” አለኝ። “እንደ ድሮዋ ነው።”